ግማሹ ሥራ በቤት ነው፦ ከጡት ቀዶ ሕክምና ምን እንጠብቅ?

በሸዋ ሮቢት ለከተማውና ለአካባቢው ነዋሪዎች የቀረበ ዲስኩር



ዛሬ የማነሣው ጉዳይ በአደባባይ እምብዛም አይነገርም። ጡትን ለማሳነስ፣ ለማተለቅ፣ ቅርጹን ለማስተካከል ወይም በሕመም የተወሰደውን መልሶ ለመሥራት ስለሚደረግ ቀዶ ሕክምና ነው። ስለ ጡት በሕዝብ ፊት መናገር ለምን እንደሚያሸማቅቀን ይገባኛል። ዝምታችን ግን ዋጋ እያስከፈለን ነው። ልጆቻችን ማስታወቂያውን በቴሌግራምና በቲክቶክ ያዩታል፤ ዓረብ አገር ሠርተው የተመለሱ እኅቶቻችን ስለዚሁ ሰምተው ይመጣሉ፤ ቀርበው የሚጠይቁት የታመነ ሰው ግን አያገኙም። ማስታወቂያው ከሕክምናው በፊትና በኋላ የተነሡ ሁለት ፎቶዎችን ያሳያል። በሁለቱ መካከል ስላለው ጊዜ አንድም ቃል አይናገርም። እኔ ልናገር የመጣሁት ስለዚያ ጊዜ ነው።

የያዝኩት ሐሳብ አንድ ነው። የጡት ቀዶ ሕክምና ውጤት ግማሹ በሐኪሙ እጅ ነው፤ ግማሹ በቤተሰቡ እጅ ነው። ሐኪሙ ሥራውን በጥቂት ሰዓት ይጨርሳል። ቤቱ ግን ሳምንታትን ይሠራል። ይህን ያልተረዳ ቤተሰብ ያላት ሴት፣ የቱንም ያህል ጎበዝ ሐኪም ብታገኝ፣ የምትጠብቀውን ላታገኝ ትችላለች።

ወደዚህ ሕክምና የሚያደርሱ ምክንያቶች የተለያዩ ናቸው። አንዷ ሴት ጡቷ ከመጠን በላይ ከብዶ ወገቧንና ትከሻዋን ያሠቃያታል። ሌላዋ ጡቷ አነስተኛ መስሎ ስለታያት፣ ወይም ከወሊድና ከማጥባት በኋላ ስለወደቀ፣ መልኩን መለወጥ ትፈልጋለች። ሦስተኛዋ ጡቷን በካንሰር ያጣች ናት። ወንዶችም አሉበት፤ በጉርምስና ዕድሜ ጡታቸው የሚያብጥ ልጆች ብዙ ናቸው። የብዙዎቹ በአንድ ወይም በሁለት ዓመት ውስጥ በራሱ ስለሚጠፋ፣ ልጁን ከመሳለቂያነት ጠብቆ ሐኪም ማሳየት ይበቃል።

ለሁሉም ግን አንድ ጥያቄ ይቀድማል፤ ጡቱ ጤነኛ ነው ወይ? የጡት ካንሰር በአገራችን ሴቶችን ከሚያጠቁ ካንሰሮች ሁሉ ቀዳሚው ነው። ዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ተቋም እ.ኤ.አ. ለ2020 ባወጣው ግምት በኢትዮጵያ በዚያ አንድ ዓመት ከ16 ሺህ በላይ ሴቶች በዚህ በሽታ ተይዘዋል። ብዙዎቹ ሆስፒታል የሚደርሱት በሽታው ከተስፋፋ በኋላ ነው። አንዱ ምክንያት የካንሰር እባጭ በመጀመሪያው ጊዜ ብዙውን ጊዜ የማያምም መሆኑ ነው። ስላላመመ ይታለፋል። ስለዚህ በጡታችሁ ወይም በብብታችሁ እባጭ ብታገኙ፣ ቆዳው ቢሰረጎድ፣ የጡት ጫፍ ከዚህ ቀደም ሳይኖርበት ወደ ውስጥ ቢገባ ወይም ደም ያለበት ፈሳሽ ቢወጣው፣ ባያምም ተመርመሩ። በጸበል መጠመቅም ሆነ ዱዓ ማስደረግ ከምርመራ ጋር አይጣላም፤ ሁለቱን አብራችሁ ልትይዙ ትችላላችሁ። እባጩን መተኮስ፣ መብጣትና ቅጠል መለጠፍ ግን ጊዜ ይገድላል፤ ቁስልም ይጨምራል። ጡቷን ለማሳነስ ወይም ለማስተካከል የተዘጋጀች ሴትም አስቀድማ ትመርመር፤ ሲያሳንሱ የወጣው ሥጋም ወደ ፓቶሎጂ ላቦራቶሪ መላኩን ትጠይቅ።

አሁን ወደ ማሳነሱ ልግባ። በእኛ በይፋት ቆላ ይህ ጉዳይ ከውበት ይልቅ የኑሮና የሥራ ጉዳይ ስለሆነ ጊዜ ሰጥቼ ልናገረው እወዳለሁ። ከመጠን ያለፈ የጡት ክብደት አንገትን፣ ትከሻንና ጀርባን ያሳምማል። የጡት መያዣው ማንገቻ ትከሻ ላይ ጎድጎድ ያለ ምልክት ያበጃል። በግንቦትና በሰኔ ሙቀት ላብ ከጡት ሥር ይጠራቀምና ቆዳው ይቀላል፣ ይላጣል፣ ይሸታል፤ ፈንገስም ይይዘዋል። በሽንኩርት ማሳ ጎንበስ ብሎ መዋል ይከብዳል። ልጅ ስታዝል የአንቀልባው ጠፍር ደረቷን ያስጨንቃታል። ይህን ሁሉ ችላ የምትኖር ሴት «ሥጋዋ ነው፣ ምን ይደረጋል» ትባላለች። ሕመሟ ግን እውነተኛ ሕመም ነው፤ መፍትሔም አለው።

ቀዶ ሕክምናው የሚሠራው በሙሉ ማደንዘዣ ነው፤ ብዙውን ጊዜ ከ2 እስከ 4 ሰዓት ይፈጃል። ሐኪሙ ትርፉን ቆዳ፣ ስብና የጡት ሥጋ ያወጣል፤ የጡቱን ጫፍ ከነደም ሥሩ ወደ ላይ ከፍ አድርጎ ያስቀምጣል። የሚጠራቀመው ደምና ውኃ እንዲፈስ ቀጭን ቱቦ ለአንድ ወይም ለጥቂት ቀናት ሊተው ይችላል። አንዳንዷ በዚያው ቀን ትወጣለች፤ ሌላዋ አንድ ሁለት ሌሊት ታድራለች።

የሚገኘው ጥቅም ግልጽ ነው፤ ትከሻውና ጀርባው ይቀላቸዋል፣ ከጡት ሥር ያለው ቁስል ይደርቃል። ጡታቸውን ያሳነሱ ሴቶች አብዛኞቹ በውጤቱ ደስተኞች ናቸው። የሚከፈለውም እንዲሁ በግልጽ ይነገር። ጠባሳ ይቀራል፤ በጡት ጫፍ ዙሪያ፣ ከዚያ ቁልቁል፣ አንዳንዴም ከጡት ሥር አግድም። የጡት ጫፍ ስሜት ሊቀንስ ወይም ሊጠፋ ይችላል። ሁለቱ ጡቶች ፍጹም እኩል ላይሆኑ ይችላሉ። ከሁሉ በላይ ደግሞ የማጥባት ዐቅም ሊቀንስ ይችላል። ብዙ ሴቶች ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ያጠባሉ፤ ሁሉም ግን ልጃቸውን በጡት ወተት ብቻ አያጠግቡም። ልጅ ለመውለድ ያሰበች ሴት ይህን ከሐኪሟ ጋር ትመካከር፤ ሕመሙ የሚቻላት ከሆነ ወልዳ እስክትጨርስ ብትቆይ ይሻላታል።

ስለ ጠባሳ አንድ ነገር ልጨምር። ጥቁር ቆዳ ባላቸው ሰዎች ጠባሳ አብጦና ጠጥሮ የሚያድግበት፣ ኬሎይድ የሚባለው ችግር በብዛት ይታያል። የጆሮሽ ቀዳዳ፣ የክትባት ምልክትሽ ወይም የአንገትሽ ንቅሳት አብጦ ከነበረ ለሐኪሙ ንገሪው። የእናትሽና የእኅትሽም እንደዚያ ከሆነ ንገሪው። ኬሎይድ የሚያወጣ ቆዳ ያላት ሴት ለውበት ብቻ ብላ ከመቆረጧ በፊት ሁለት ጊዜ ማሰብ አለባት።

ከቀዶ ሕክምናው ዕለት በፊት ዝግጅት አለ። የደም ምርመራ ይደረጋል፤ ደም ማነስ ካለ አስቀድሞ ይታከማል። አስፕሪን፣ አይቡፕሮፌን ወይም የባህል መድኃኒት የምትወስድ ሴት ሳትደብቅ ትናገር፤ አንዳንዶቹ ደም እንዳይረጋ ያደርጋሉ። ሸዋ ሮቢት የትምባሆ እርሻ ያወቀች ከተማ ናትና ይህን በተለይ ልብ በሉልኝ፤ ሲጋራም፣ ጋያም፣ ሺሻም ደም ሥርን ያጠባሉ፤ ደም ያጣ የጡት ጫፍ ሊሞት፣ ቁስሉም ሊከፈት ይችላል። ስለዚህ ቢያንስ 4 ሳምንት አስቀድሞ ማቆም፣ ቁስሉ እስኪድንም አለመመለስ ግዴታ ነው። ጫት የምትቅምም ለማደንዘዣ ባለሙያው ትንገር፤ የልብ ምትንና የደም ግፊትን ይለውጣል። ከማደንዘዣ በፊት ሆድ ባዶ መሆን ስላለበት የሚነገራትን ሰዓት ታክብር። ከዚያ በኋላ ደግሞ ቁስል እንዲድን ገንቢ ምግብ ያስፈልጋል። በጾም ወራት ቢሆን እንኳ ማሾ፣ ምስርና ሽሮ ከቤታችን አይጠፉም። ጾሙን ስለማቆየት ግን የንስሓ አባቷን ወይም ሼኋን ታማክር።

አሁን ወደ ዋናው ነገር መጣሁ፤ ወደ ቤት።

በመጀመሪያዎቹ ሦስት አራት ቀናት ሕመም፣ እብጠትና የበለዘ ቆዳ ይኖራል፤ በታዘዘ ማስታገሻ ይረግባል። በጀርባዋ፣ ከፍ ባለ ትራስ ትተኛለች። እጇን ከትከሻዋ በላይ አታነሣም። ሽቦ የሌለው፣ ደገፍ የሚያደርግ የጡት መያዣ ሌሊትም ቀንም ታደርጋለች። በሁለተኛው ሳምንት ቀላል ሥራ መጀመር ትችላለች። ከባድ ዕቃ ማንሣት ግን ከ4 እስከ 6 ሳምንት ክልክል ነው። የጡቱ ቅርጽ የሚረጋጋው ከወራት በኋላ ነው፤ ጠባሳው እስኪደበዝዝ አንድ ዓመትና ከዚያም በላይ ይወስዳል።

ይህን «ከ4 እስከ 6 ሳምንት» በሐኪሙ ወረቀት ላይ ማንበብ ቀላል ነው። በይፋት ቆላ ሲኖሩት ግን ምን ማለት ነው? ባለ 20 ሊትር ጄሪካን ሲሞላ 20 ኪሎ ይመዝናል። እሱን ማን ይቀዳል? እንጨቱን ማን ይሸከማል? እንጀራ መጋገር ቀላል ሥራ አይደለም፤ እጅን ዘርግቶ ማዞር፣ ከባዱን አክንባሎ ማንሣት፣ በጭስና በእንፋሎት ውስጥ መቆም ነው። ሕፃኑን ማን ያዝለዋል? ሴትዮዋ በሽንኩርት ማሳ የቀን ሥራ የምትሠራ ከሆነ የስድስት ሳምንት ደሞዟ የሚቀርባት መሆኑ የሕክምናው ዋጋ አካል ነው፤ አብሮ ይቆጠር። ቁስል በቀዶ ክፍል በተሠራ ስሕተት ብቻ ሳይሆን «አሁንማ ዳንሽ» ተብሎ በሦስተኛው ሳምንት በተጫነ ሸክምም ሊከፈት ይችላል።

ስለዚህ ባሎች፣ ወንድሞች፣ ወንዶች ልጆች፣ ይህ የዲስኩሩ ክፍል ለእናንተ ነው። ሚስትህ ወይም እናትህ ቀዶ ሕክምና ከመግባቷ በፊት ተቀመጡና ተከፋፈሉት፤ ውኃው የማን፣ ማጀቱ የማን፣ ልጁ የማን። ይህን ስምምነት ጎረቤትና ዘመድ ይወቀው። ሰው ሲሞት ድንኳን የሚተክል እድር፣ ሰው ሲድን ውኃ ሊቀዳ አያንሰውም። ወንድ ጄሪካን ቢሸከም ክብሩ አይቀንስም።

መንገዱንም አስቡት። ከሸዋ ሮቢት አዲስ አበባ 225 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ የጣርማ በርን ዳገት ወጥቶ መውረድ አለበት። የተሰፋ ጡት ይዞ በሕዝብ ማመላለሻ መንገላታት ያማል፤ መንገዱም በጸጥታ ምክንያት የሚዘጋበት ጊዜ እንዳለ እናውቃለን። ድንገት ደም ቢፈስ ወይም ቁስሉ ቢመረቅዝ በሰዓታት ውስጥ መድረስ ያስፈልጋል። ስለዚህ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሳምንታት ቀዶ ጥገናው በተደረገበት ከተማ፣ ዘመድ ቤትም ቢሆን፣ ማሳለፍ ጥሩ ነው። ጊዜውንም መምረጥ ይቻላል። የግንቦትና የሰኔ ሙቀት ለቁስል አይመችም፤ ኅዳርና ታኅሣሥ ደግሞ የአጨዳ ወራት ናቸው። ማሽላው ከገባ በኋላ፣ በጥር፣ አየሩም ሥራውም ቀለል ይላል።

አደገኛ ምልክቶችን ቤተሰቡ ሁሉ ይወቃቸው፤ አንዱ ጡት በድንገት አብጦ ቢወጠር፣ ትኩሳት ቢመጣ፣ መግል ቢወጣ፣ መቅላቱ ቢስፋፋ፣ የጡት ጫፍ ቢጠቁር፣ ባት አብጦ ቢያምም ወይም ትንፋሽ ቢያጥር፣ ሳያድሩ ወደ ቅርብ ሆስፒታል መሄድ ነው።

ጡትን በሲሊኮን ስለማተለቅ ደግሞ ልናገር። የመጀመሪያው የሲሊኮን ጡት የገባው እ.ኤ.አ. በ1962 በአሜሪካ በሂዩስተን ከተማ፣ ቲሚ ጂን ሊንዚ በምትባል ሴት ጡት ነው። ወደ ሆስፒታሉ የሄደችው ከጡቷ ላይ ንቅሳት ለማስፋቅ ነበር፤ ሲሊኮኑን ሐሳብ አድርገው ያቀረቡላት ሐኪሞቹ ናቸው። ከዚያ ወዲህ በሚሊዮን የሚቆጠሩ ሴቶች ተከትለዋታል። ዛሬም ይህን የምታስብ ሴት «ሐሳቡ የማን ነው?» ብላ ራሷን ትጠይቅ፤ የራሷ ነው፣ የባሏ ነው፣ ወይስ የማስታወቂያው?

ሲሊኮን የዕድሜ ልክ ዕቃ አይደለም። እያደር የመቀደድ ወይም ዙሪያው በጠባሳ ተጨምቆ የመጠጠር ዕድሉ ይጨምራል። ጊዜውን ጠብቆ በአልትራሳውንድ ወይም በኤምአርአይ መታየት ይፈልጋል፤ ብዙዎች ከዓመታት በኋላ ለማስወጣት ወይም ለመቀየር ዳግመኛ ይቆረጣሉ። የዕቃው ጥራትም ያሳስባል። ፒአይፒ የተባለው የፈረንሳይ ኩባንያ ለሕክምና ያልተፈቀደ የኢንዱስትሪ ሲሊኮን ሲሞላ ተደርሶበት እ.ኤ.አ. በ2010 ምርቱ ታገደ፤ መሥራቹም እ.ኤ.አ. በ2013 አራት ዓመት እስራት ተፈረደበት። ምርቱ በብዙ አገሮች ባሉ ወደ 300 ሺህ በሚገመቱ ሴቶች ጡት ውስጥ ገብቶ ነበር። እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2019 ደግሞ አለርጋን የተባለው ኩባንያ ገጻቸው ሻካራ የሆኑ አንዳንድ ምርቶቹን ከዓለም ገበያ ሰበሰበ፤ ምክንያቱ ከእነሱ ጋር የተያያዘ፣ ብዙ የማያጋጥም የሊምፎማ ካንሰር ነው። ስለዚህ በውጭ አገር ሲሊኮን ያስገባች እኅት የምርቱን ስም፣ ዓይነትና ቁጥር የያዘውን ካርድ እንደ ፓስፖርቷ ትጠብቀው። ቱርክ ወይም ዱባይ ሄዶ ለመታከም ያሰበችም፣ አገሯ ከገባች በኋላ ቁስሏን ማን እንደሚያይላት ሳታረጋግጥ ትኬት አትቁረጥ።

በየሱቁና በየስልኩ ስለሚሸጠው ነገር ቁርጡን ልንገራችሁ። ጡት ያሳድጋል ተብሎ የሚሸጥ ቅባትና እንክብል ተስፋውን አይሞላም። በመርፌ የሚወጋ ፈሳሽ ሲሊኮን ደግሞ ጡትን ያቆስላል፣ ያጠጥራል፣ ወደ ሌላ አካልም ይሄዳል፤ መልሶ ማውጣቱ እጅግ ከባድ ነው። ማንም ቢያባብላችሁ እንቢ በሉ።

ጡታቸውን በካንሰር ላጡ እናቶቻችንና እኅቶቻችን የምለው አለኝ። ጡትን መልሶ መሥራት አዲስ ነገር አይደለም፤ እ.ኤ.አ. በ1895 ቪንሰንዝ ቸርኒ የተባለ ጀርመናዊ ሐኪም ከሴትዮዋ ከራሷ ገላ የወጣ የስብ ዕጢ ወደ ጡቷ ቦታ አዛውሮ ሠርቷል። ዛሬ በሲሊኮን ወይም ከሆድና ከጀርባ በሚወሰድ ሥጋ ይሠራል። በአገራችን ግን ይህን የሚያገኙት ጥቂቶች ናቸው፤ አብዛኞቹ ጡታቸው ከተነሣ በኋላ እንዲሁ ይኖራሉ። ከጥጥ የተሰፋ ንጹሕ የጡት መሙያ በጡት መያዣ ውስጥ ማድረግ ልብስን ያስተካክላል፤ የሚያሳፍር ነገር የለውም። በብብት ያለው ዕጢ የወጣላት ሴት ክንዷ እንዳያብጥ በዚያ እጅ ከባድ ሸክም አትሸከም፤ ቁስልም ትጠንቀቅ። ለሕክምና አዲስ አበባ ሄዳ ማረፊያ ላጣች፣ ማቲዎስ ወንዱ የኢትዮጵያ ካንሰር ሶሳይቲን የመሰሉ ማኅበራት ስላሉ ትጠይቅ። ባሎችም ስሙኝ፤ ሚስትህ ከጡቷ ጋር ሚስትነቷ አልተቆረጠም። ጡቷ በተነሣበት ቀን የምትናገረው ቃል ከመድኃኒቱ እኩል ይሠራል።

የት ይኬዳል? ከጤና ጣቢያ ተነሥቶ በሪፈር ወደ ከተማችን ሆስፒታል፣ ከዚያ ወደ ደብረ ብርሃን፣ ሲያስፈልግ ወደ አዲስ አበባ። የፕላስቲክ ቀዶ ሕክምና በአገራችን የታወቀው የተቃጠሉትን በሚያክመው በየካቲት 12 ሆስፒታል፣ የሥጋ ደዌ ያጎበጣቸውን እጆች ለማቃናት በደከመው በአለርት ነው። ሙያው የተወለደው ከተጎዳ ሰው አጠገብ ነውና ሕመሟን የምትናገር ሴት ቅንጦት ፈላጊ አይደለችም። የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን ለውበት ብቻ የሚደረገውን አይሸፍንም። ስለዚህ ሕመም ካለ በሪፈሩ ላይ በሚገባ ይጻፍ፤ የጀርባው ሕመም፣ ከጡት ሥር ያለው ቁስል፣ ሥራ መከልከሉ። ሐኪሙ ፊት ስትቀርቡ ደግሞ ጠይቁ፤ ይህን ቀዶ ሕክምና ራስዎ ሠርተው ያውቃሉ? ማደንዘዣውን የሚሰጠው ማን ነው? ጠባሳው የት የት ይሆናል? ማጥባት እችላለሁ? ችግር ቢመጣ በሌሊት ለማን ልደውል? ዳግም ቀዶ ቢያስፈልግ ወጪው የማን ነው? ጥያቄ የሚያስቆጣው ሐኪም ካጋጠማችሁ ሌላ ሐኪም ፈልጉ።

ከቀዶ ሕክምና የማይጠበቅም አለ። የፈረሰ ትዳር አያቃናም። የሚያንቋሽሽ ባል አያሳምርም። ከሕመም የዳነች ሴት ቀና ብላ ትሄዳለች፤ ይህ ትልቅ ጸጋ ነው። ሰው ለማስደሰት የተቆረጠች ሴት ግን ጠባሳው ለእሷ ብቻ ይቀራል። ለሕመም የሚደረግ ሕክምናና ለውበት ብቻ የሚደረግ ለውጥ በሃይማኖት ሊቃውንት ዘንድም በአንድ ዓይን አይታዩም፤ ልቧ ያልረጋ ሴት የምታምነውን አባት ወይም ሼህ ትጠይቅ።

እንግዲህ አደራዬ ይህ ነው። እናቶች፣ ሴቶች ልጆቻችሁ ስለ ጡታቸው ሲጠይቋችሁ አትቆጧቸው፤ ስሟቸው። የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎች፣ ቤት ለቤት ስትዞሩ ስለ እባጭም፣ ከጡት ሥር ስላለ ቁስልም ጠይቁ፤ ብዙ ሴት ካልተጠየቀች አትናገርም። የእድር ዳኞች፣ ከቀዶ ሕክምና ለወጣች እናት ውኃና እንጨት ማቅረብን በደንባችሁ አስገቡ። ወንዶች፣ ስድስቱን ሳምንት ቁጠሩ፤ አንድም ቀን አታጉድሉ። ሐኪሙ የድርሻውን ይወጣ፤ እኛም የእኛን እንወጣ።

መድረኩ ለጥያቄያችሁ ክፍት ነው፤ በጉባኤው መካከል መጠየቅ የሚከብዳት ካለች፣ ከስብሰባው በኋላ ለብቻዋ አነጋግራታለሁ።